ባሕሩ እስኪሞላ፦ በፌርዌል ስፒት አሸዋ ላይ የቀሩ ዓሣ ነባሪዎችና በጎ ፈቃደኞቹ

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2017፣ በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 2009 ዓ.ም.፣ በኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ከ600 በላይ ዓሣ ነባሪዎች በሦስት ቀናት ውስጥ ከጥልቁ ውኃ ወጥተው አሸዋ ላይ ቀሩ። ወደ 350 የሚሆኑት ሞቱ። የቀሩት ወደ ባሕር ተመለሱ። ሊረዱ የመጡት በጎ ፈቃደኞች እስከ 500 ይደርሱ ነበር። ውኃ እስከ አንገታቸው ደርሶ እጅ ለእጅ ተያይዘው የቆሙበት ምስል በብዙ አገር ታይቷል።

ይህ ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው እንደ ደግነት ታሪክ ነው። ደግነቱን የሚጠራጠር የለም። እኔን የሚስበኝ ግን አስተባባሪዎቹ በሁለት ምሽቶች የወሰኑት ውሳኔ ነው፦ ሐሙስ ማታ ማንንም አላሰማሩም፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ሁሉንም ሰው ከውኃው አስወጡ። ዳር ቆሞ ለሚያይ ሁለቱም ጭካኔ ይመስላሉ። የመጨረሻው ሒሳብ ሲሠራ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የተሳታፊዎቹን ስም እዚህ አልጠቅስም።

ቦታው

ፌርዌል ስፒት ከዋናው ምድር ወደ ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ፣ እንደ መንጠቆ የታጠፈ የአሸዋ ምላስ ነው። በአንድ በኩል ክፍት ባሕር አለው፣ በሌላው በኩል ጎልደን ቤይ የተባለውን ወሽመጥ ያቅፋል። አደገኛው ይሄ የውስጡ ወገን ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ውኃው እስከ 7 ኪሎ ሜትር ድረስ ርቆ ይሄድና 80 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚያህል አሸዋና ደለል ገላጣ ሆኖ ይቀራል።

እኛ ባሕር የሌለን ሰዎች ይህን ነገር ልብ ላንለው ስለምንችል ልጨምር። እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። በሙላትና በሽሽት መካከል ስድስት ሰዓት ያህል አለ። የእያንዳንዱ ሙላት ሰዓት አስቀድሞ ተሰልቶ በሠንጠረዥ የሚታተም ስለሆነ ዓሣ አጥማጁም መርከበኛውም በእጁ ይይዘዋል። ከዚህ በኋላ የሚነገረው ሁሉ የሚዞረው በዚህ ሠንጠረዥ ዙሪያ ነው።

ዓሣ ነባሪ ለምን እዚህ ይጠመዳል? አንድ ቁርጥ ያለ መልስ የለም። ብዙዎች የሚያነሡት ምክንያት የመሬቱ አቀማመጥ ነው። እነዚህ እንስሳት ድምፅ እያሰሙ የሚመለሰውን ማሚቶ በመስማት መንገዳቸውን ይለያሉ። ቀስ በቀስ ከፍ የሚል ለስላሳ አሸዋ ደግሞ ማሚቶውን አጥርቶ አይመልስም። ወደ ወሽመጡ የገባ መንጋ ባሕሩ መሸሽ ከጀመረ መውጫውን ሳያገኝ ውኃው ከሥሩ ያልቃል። ቦታው ለዚህ አዲስ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በፌብሩዋሪ 2015፣ ወደ 200 የሚጠጉ ዓሣ ነባሪዎች እዚያው ወጥተው ከ100 በላይ ሞተው ነበር።

ወደ ጎልደን ቤይ የሚያስገባው ዋና መንገድ አንድ ነው፣ እሱም ተራራ ያቋርጣል። ስለዚህ ከሩቅ የሚመጣ ረዳት በሰዓታት እንጂ በደቂቃዎች አይደርስም። የባሕር አጥቢ እንስሳት በ1978 በወጣ ሕግ የተጠበቁ በመሆናቸው የማዘዝ ሥልጣን ያለው የመንግሥት የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። ከጎኑ ደግሞ ስሙን ከነቢዩ ዮናስ የወሰደው ፕሮጀክት ጆና አለ። ይህ ድርጅት በ1974 ተቋቁሞ ለተራ ሰው የዓሣ ነባሪ አነሣሥና አያያዝ ሥልጠና ይሰጣል። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆነው የአካባቢው የማኦሪ ማኅበረሰብም ተሳታፊ ነው፤ ዓሣ ነባሪን እንደ ቅርስ ስለሚያይ ለሙታኑ ጸሎት ያደርጋል፣ በአጥንቱም ጉዳይ ድምፅ አለው።

እንስሳቱ

የወጡት ፓይለት ዌል የሚባሉት ናቸው። በዝርያ ከዶልፊን ወገን ናቸው፤ ወንዱ እስከ 6 ሜትር ይረዝማል፣ ክብደቱም 2 ቶንና ከዚያ በላይ ይደርሳል። የሚኖሩት በእናቶች ዙሪያ በተሰባሰበ ቤተሰብ ነው። አንዱ ሲጠቃ ሌላው ጥሎት አይሄድም። ይህ ጠባያቸው ለርዳታ ሥራው ትልቁ ፈተና ነው። አንዱን ብቻ ገፍተህ ጥልቅ ውኃ ብታደርሰው፣ አሸዋ ላይ የቀሩት ሲጣሩ ሰምቶ ተመልሶ ይወጣል።

ውኃ ውስጥ ክብደቱ የማይሰማው አካል አሸዋ ላይ ሲቀር ራሱን ይጫናል፤ ሳንባና ደም ሥር ይጨቆናሉ። ከቆዳው ሥር ያለው ወፍራም ስብ ሙቀቱን ስለሚይዘው ፀሐይ ላይ ይቃጠላል፣ ቆዳውም ይላላጣል። ብዙዎች የማያስቡት ሌላ አደጋም አለ። በጎኑ የተኛ ዓሣ ነባሪ ባሕሩ ተመልሶ ሲሞላ ሊሰምጥ ይችላል፤ መተንፈሻ ቀዳዳው ራሱ ላይ በመሆኑ አካሉ ቀና ከማለቱ በፊት ውኃው ይደርስበታል።

ሐሙስ ማታ፦ ያልተደረገው ስምሪት

የመጀመሪያው ጥቆማ የደረሰው ፌብሩዋሪ 9፣ የካቲት 2 ቀን፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነበር። ወሽመጡ ውስጥ ዓሣ ነባሪዎች ወደ ዳር ተጠግተው ታይተዋል። መሥሪያ ቤቱ ሌሊቱን ሰው ላለማሰማራት ወሰነ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፦ በጨለማ፣ ጥልቀቱ በማይታይ ውኃ ውስጥ፣ በመቶ በሚቆጠሩ የሚያጣጥሩ እንስሳት መካከል ሰው ማስገባት የሰው ሬሳ መጋበዝ ነው። አንድ የጅራት ምት አጥንት ይሰብራል። ወድቆ ከሥሩ የገባ ሰው የሚያወጣው የለም።

ሲነጋ 416 ዓሣ ነባሪዎች አሸዋው ላይ ተቆጠሩ። ከ250 በላይ የሚሆኑት ሌሊቱን ሞተዋል።

ቁጥሩ ከባድ ስለሆነ «ማታ ቢሄዱ ኖሮ» ብሎ የሚጠይቅ መኖሩ አይገርምም። ማታ ቢሄዱስ ምን ያደርጉ ነበር? ሁለት ቶን የሚመዝን እንስሳ ደረቅ አሸዋ ላይ በሰው ጉልበት አይጎተትም። ክንፉ ወይም ጅራቱ ተይዞ ቢጎተት ደግሞ ይጎዳል። በሌሊት ሊደረግ የሚችለው በውኃ ማርጠብና ቀና ማድረግ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን በባትሪ ብርሃን፣ ለ416 እንስሳ፣ በዚያ ሰዓት ሊሰባሰብ በሚችል ጥቂት ሰው። በእኔ አስተያየት ውሳኔው ትክክል ነበር። በተለይ የማከብረው የማግስቱ ቁጥር ከወጣ በኋላም ኃላፊዎቹ ምክንያታቸውን በአደባባይ አስረድተው በውሳኔያቸው መጽናታቸውን ነው።

ዓርብ

ጠዋት በመቶዎች የሚቆጠር ሰው መጣ። የአካባቢው ገበሬዎች ነበሩ፣ ቱሪስቶች ነበሩ፣ ጥሪውን ሰምተው ተራራውን አቋርጠው የነዱም ነበሩ። የሠለጠኑት ጥቂቶች ናቸው። አሠራሩ በሕይወት ባለው በእያንዳንዱ እንስሳ ዙሪያ ትንሽ ቡድን ማቆምና የሠለጠነው ሰው ከቡድን ቡድን እየተዘዋወረ እንዲያሳይ ማድረግ ነበር።

አንዱን ቡድን በቅርብ እንየው። መሣሪያው ባልዲ፣ አካፋና አሮጌ አንሶላ ነው። አንሶላው ተነክሮ ጀርባው ላይ ይነጠፋል፤ የመተንፈሻ ቀዳዳው ግን ክፍት መሆን አለበት። ባልዲ የያዘው ሰው የሚያፈሰው ከቀዳዳው ኋላ ነው፤ እንስሳው አየር ሊስብ ሲከፍተው ውኃ እንዳይገባ ትንፋሹን እየጠበቀ ያፈሳል። አካፋ የያዘው በሁለቱ የጎን ክንፎች ሥር ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ክንፎቹ ወደ ታች ተንጠልጥለው እንዲያርፉና ጉድጓዱ ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ እንዲያበርዳቸው። በጎኑ የተኛ ካለ ከአንድ ወገን አሸዋው ይወጣለትና በሆዱ እንዲቀመጥ ይደረጋል። በጅራቱ በኩል ማንም አይቆምም። ፊት ለፊት ተጎንብሶ የሚተነፍሰውን አየር መሳብም ክልክል ነው፤ ከእንስሳው ወደ ሰው የሚሸጋገር በሽታ ሊኖር ይችላል። ጩኸትና ግርግር አይፈለግም።

ሙላቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነበር። ውኃው ወገብ ሲደርስ እንስሳቱ መንሳፈፍ ጀመሩ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ከሁሉም ይከብዳል፣ ምክንያቱም ሥራው አለመልቀቅ ነው። ለሰዓታት የተጫነ አካል ይደነዝዛል፣ ሚዛኑንም ያጣል፤ ወዲያው ቢለቀቅ ይገለበጣል። ስለዚህ ከጎንና ከጎን ይዘውት ቀና እንዳለ ያቆዩታል፣ ያወዛውዙታል፣ የሌሎቹንም መንሳፈፍ ይጠብቃሉ። ሲለቀቁ አብረው መለቀቅ አለባቸው።

ወደ 100 የሚሆኑት ተንሳፈፉ። ሆኖም ብዙዎቹ ሩቅ ሳይሄዱ ተመልሰው ወጡ። በዚያ ወሽመጥ ባሕሩ ሲሸሽ ጊዜ አይሰጥም፣ ዳርቻው ላይ የነበሩት ሙታንም መንጋው የሚያውቃቸው ዘመዶቹ ነበሩ። ሰው ደክሞት፣ ከውኃው ብርድ እየተንቀጠቀጠ፣ ሥራውን ከባልዲው እንደገና ጀመረ።

ቅዳሜ

በቅዳሜው ሙላት አስተባባሪዎቹ ዘዴ ለወጡ። እንስሳቱ ከተንሳፈፉ በኋላ በጎ ፈቃደኞቹ በባሕሩና በዳርቻው መካከል ተሰልፈው እጅ ለእጅ ተያያዙ። ውኃው አንዳንዶቹን እስከ አንገት ይደርሳቸው ነበር። ሰልፉ እንስሳውን በጉልበት አያቆመውም፤ ወደ ዳር ለመመለስ የሚፈልገውን መንጋ ፊቱን ወደ ባሕር እንዲያዞር የሚያደርግ ሕያው አጥር ነው። በታንኳዎችም አጅበዋቸዋል። ይሄኛው ሠራ፣ መንጋው ወደ ወሽመጡ ጥልቀት ሄደ።

በዚያው ቀን ግን ማገገም የማይችሉ 20 የሚሆኑ እንስሳት በመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ተገደሉ። ስለዚህ ነገር የሚጽፉ ሰዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። እኔ ግን የሥራው አካል እንደሆነ አድርጌ ነው የምቆጥረው። ሊድን የማይችለውን እያረጠብክ ማቆየት ለእንስሳው ሥቃይ ማራዘም፣ ለሌሎቹም የሚያስፈልገውን ሰው መያዝ ነው። ይህን የሚወስነው ባለሙያ እንጂ ሲያረጥበው የዋለው በጎ ፈቃደኛ መሆን የለበትም። አንድን እንስሳ ስድስት ሰዓት አቅፎ የያዘ ሰው በዚያ እንስሳ ላይ መፍረድ አይችልም፣ ሊፈርድም አይጠየቅም።

ከዚያ ያልታሰበው መጣ። ከሰዓት በኋላ ከ200 በላይ የሚሆን ሌላ መንጋ ከመጀመሪያው ቦታ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ወጣ። ሰዉ ወደዚያ ሮጠ፤ ባልዲው፣ አንሶላው፣ ቁፋሮው እንደገና። ፀሐይ እየጠለቀች ነው፣ ቀጣዩ ሙላት የሚመጣው በሌሊት ነው። ውኃው ውስጥ መርዛማ እሾህ ያለው ስቲንግሬይ የተባለ ዓሣ አለ፤ በአንድ በድን ላይም የሻርክ ንክሻ የሚመስል ምልክት ታይቷል። አስተባባሪዎቹ ከመጨለሙ በፊት ሁሉም ሰው እንዲወጣ አዘዙ። ከ200 በላይ በሕይወት ያሉ እንስሳት አሸዋው ላይ ተትተው ሰዉ ሄደ።

እሑድና ከዚያ በኋላ

እሑድ ጠዋት በጎ ፈቃደኞቹ ሲመለሱ ከሁለተኛው መንጋ አብዛኛው የለም። ሌሊት ባሕሩ ሲሞላ በራሳቸው ተንሳፍፈው ሄደዋል። 17 ያህል ብቻ ተመልሰው ወጥተው ተገኙ፣ እነሱም ርዳታ ተደረገላቸው።

የቀረው የሬሳው ጉዳይ ነበር። ከ300 በላይ ትልልቅ በድን በበጋ ፀሐይ (እዚያ ፌብሩዋሪ በጋ ነው) ሲውል ውስጡ በጋዝ ይነፋል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ዳርቻው ለሕዝብ ተዘጋ። ሠራተኞች መከላከያ ልብስ ለብሰው በቢላዋና ሁለት ሜትር በሚረዝም መርፌ እየወጉ ጋዙን አስወጡ። ከዚያ በድኖቹ ሰው ወደማይገባበት የአሸዋው ክፍል ተወሰዱ። ለዚህ ሥራ 500 በጎ ፈቃደኛ አልመጣም፣ ሊመጣም አይገባም ነበር።

የሠራውና ያልሠራው

የመጨረሻው ግምታዊ ሒሳብ ይህን ይመስላል፦ ወደ 350 ሞት፣ በሰው ርዳታ ወደ ባሕር የተመለሱ ወደ 100፣ ያለ ማንም ርዳታ በራሳቸው የሄዱ ከ200 በላይ።

ይህን አይቶ «እንግዲያው ሰዉ ምን ሠራ?» የሚል ሊኖር ይችላል። ሁለቱ መንጋዎች አንድ ዓይነት ዕድል አልነበራቸውም። የመጀመሪያው ሲገኝ ሌሊቱን አሸዋ ላይ አድሮ ከግማሽ በላይ አልቋል፤ ከዚያ በኋላ በፀሐይ ሊውል ነው። ለእነዚያ 100 እንስሳት ቀኑን ማለፍ ማለት አንሶላውና ባልዲው ነበር። ሁለተኛው መንጋ የወጣው ወደ ማታ ነው፤ ዘመዶቹም አልሞቱም። ከፀሐይ ይልቅ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ጠበቀው፣ ቀጣዩም ሙላት ጊዜውን ጠብቆ መጣለት። ስለዚህ የሰዉ ድርሻ እንስሳቱን ወደ ባሕር መመለስ ሳይሆን እስከ ሙላቱ በሕይወት ማቆየትና ከሙላቱ በኋላ አቅጣጫ ማስያዝ ነበር። የሚያነሣቸው ባሕሩ ነው።

ያልሠራው የዓርቡ አለቃቀቅ ነው። ዳርቻው በሙታን የተሞላ ሆኖ፣ ወደ ጥልቁ የሚመራ ሰልፍ ሳይዘጋጅ፣ ውኃው ሊሸሽ ሲል መልቀቅ ብዙ ድካም አባክኗል። የቅዳሜው ሰልፍ የዚያ ትምህርት ውጤት ይመስለኛል።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

በጎ ፈቃደኛ የሚያስተባብር ሰው ከዚህ የሚወስደው የመጀመሪያ ነገር ሰዓት ነው። እዚያ የሥራ ፈረቃው፣ ምግቡ፣ ዕረፍቱ ሁሉ የሚሰላው ከሙላቱ ሰዓት ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው። ሰዉ ጠዋት በጉጉት ጉልበቱን ጨርሶ ሙላቱ ሲመጣ ከደከመ ሁሉም ከንቱ ነው። ሰደድ እሳት ሲጠፋም፣ የጎርፍ መከላከያ ሲሠራም ወሳኟ ሰዓት አስቀድማ ልትታወቅ ትችላለች፣ ሰው ግን በመጣ ቁጥር ይሰማራል።

ሁለተኛው ሰውን የማገድ ሥልጣን ነው። በዚያው ወር ከአራት ዓመት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2021፣ የእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ በሬንጅ ሲበከል በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ለጽዳት ወጡ። ጥቂቶቹ ጭሱን ስበው ሆስፒታል ገቡ፣ ከዚያ በኋላ ነው ዳርቻው ለሕዝብ የተዘጋው። የፌርዌል ስፒት ሰዎች ቅደም ተከተሉን ገልብጠውታል፦ መጀመሪያ ለሰው የሚያሠጋውን ለዩ፣ ቀጥሎ ሰው አሰማሩ። የሚያግድ ሰው ሲሾም ስድብ እንደሚጠብቀው አውቆ መሾም አለበት።

ሦስተኛው፣ አንድ አሠራር ለሁሉም ቦታ አይሆንም። የኒውዚላንድ ግዛት በሆኑት የቻተም ደሴቶች በ2022 ወደ 500 የሚጠጉ ፓይለት ዌሎች ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ ለማንሳፈፍ አልሞከረም። በዚያ ባሕር ትልልቅ ሻርኮች ስለሚበዙ ሰውም እንስሳውም ለአደጋ ይጋለጣል፤ በሕይወት የተገኙት ሥቃያቸው እንዲያጥር ተገደሉ። በአውስትራሊያ፣ በታዝማኒያ ደሴት ማኳሪ ወደብ በ2020 ወደ 470 ሲወጡ ደግሞ ሕዝቡ እንዳይመጣ ተጠይቆ የሠለጠኑ ሰዎች ብቻ ሠሩ፣ ከ100 በላይ እንስሳት ተመለሱ። የሕዝብ ብዛት የሚጠቅመው ዳርቻው ሰው የሚያቆም፣ መንገዱ የሚደርስ፣ የሚያሠለጥን ሰው ያለበት ሲሆን ነው።

ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ደግሞ «ስንት አዳንን» ከሚለው ዓምድ አጠገብ «እኛ ባንኖር ስንቱ ይድን ነበር» የሚል ዓምድ ቢኖረው ደግ ነው። 300ውን በጅምላ «የዳኑ» ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ለርዳታ ማሰባሰቢያም ይመቻል። እዚያ ግን ሁለቱ ቁጥሮች ተለይተው ተነገሩ፣ እኔም ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የቻልኩት በዚያ ምክንያት ነው።

ይህን የምታነቡ በሃይፋ፣ በዱባይ፣ በጂዳ ወይም በሌላ የባሕር ከተማ የምትኖሩ አላችሁ። ዳር የወጣ ዶልፊን ወይም ዓሣ ነባሪ ካገኛችሁ ወደ ውኃው አትግፉት፣ በክንፉም በጅራቱም አትጎትቱት። መጀመሪያ ለአካባቢው ባለሥልጣን ደውሉና ቦታውን፣ ብዛቱንና እየተነፈሰ መሆኑን ተናገሩ። ከዚያ ሕፃናትንና ውሻ አርቁ፣ ጀርባውን አርጥቡ፣ መተንፈሻውን አትሸፍኑ፤ የሚመጣው ባለሙያ የሚቀጥለውን ይነግራችኋል።